ይህን ማን ከተተው?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ኮሶዬ ትደርሳላችሁ። መኪናው ዳገቱን ሲጨርስ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ ሥር ገደል ነው፤ ከገደሉ በታች ቆላው እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ተዘርግቷል። ጎንደር ያደጋችሁ ከሆነ በትምህርት ቤት ጉዞ ወይም በወጣቶች ኅብረት ሽርሽር ሳታዩት አትቀሩም። ጭላዳዎቹን ፎቶ አንሥታችሁ፣ ዘምራችሁ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሳችሁ ተመልሳችኋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ።

ዛሬ የማጫውታችሁ እዚያ ቦታ ስለ ሠራሁት ጥፋት ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ ያልፈጀ ጥፋት ነው። ልጆች የምታስተምሩ፣ ታናናሾች ያሏችሁ፣ ነገ ወላጆች የምትሆኑ ሁሉ ብታነቡት ይጠቅማችኋል ብዬ ስለማስብ ሳላፍር እጽፈዋለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የልጆች አገልግሎት ክፍላችን 23 ልጆች ይዞ ወደ ኮሶዬ ወጣ። እኔ ከአራቱ አስተማሪዎች አንዱ ነበርሁ። ጸለይን፣ ዘመርን፤ ከዚያ ስለ ፍጥረት አጭር ትምህርት ሰጠሁ። ተራሮቹን የሠራቸው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ እጁም ታላቅ እንደሆነ ተናገርሁ። ልጆቹ "አሜን" ብለው ለጨዋታ ተበተኑ።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ወደ ጨዋታው አልሄደም። ስሙን አልጽፍም፤ አሁን ጎረምሳ ስለሆነ ይቀየመኛል። መንገድ ዳር ከተከመረ ድንጋይ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ቆየና እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። በእጁ ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ይዟል። ድንጋዩ ለሁለት ተፈንክቷል። መሃሉ ላይ ዕንቁላል የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጩ ነጫጭ ቅንጣቶች ተሰካክተዋል።

"ቲቸር፣ ይህን ማን ከተተው?" አለኝ።

ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። "ይህ ምንድን ነው?" አላለም። ድንጋዩ ከመፈንከቱ በፊት ድፍን ነበር፤ በር የለው፣ ቀዳዳ የለው። ታዲያ ነጩ ነገር በየት በኩል ገባ? ልጁ የጠየቀኝ ይህን ነበር። እኔ መልሱን አላውቀውም። ነገር ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለ ፍጥረት ላስተማረ ሰው "አላውቅም" ማለት ከበደኝ።

"እግዚአብሔር ነዋ! በል ጣለው፤ ኪስህን ይቀድብሃል" አልሁት።

አልወረወረውም። ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠውና ሄደ።

የመለስሁለት ሐሰት አልነበረም። ዛሬም ብትጠይቁኝ ይህንኑ አምናለሁ። ያን ቀን ግን የእግዚአብሔርን ስም የጠራሁት ልጁ ዝም እንዲልልኝ ነበር። ይህ የገባኝ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እናቱ ከአምልኮ በኋላ አቆመችኝ። ልጇ ከወራት ጀምሮ መምጣት አቁሟል። ብትለምነውም፣ ብትቆጣውም እሺ አላለም። "እዚያ ጥያቄ አይወዱም" አላት። "ምን ጠይቀህ ከለከሉህ?" ስትለው ከጠቀሰላት ነገር አንዱ የኮሶዬው ድንጋይ ነበር።

አንድ ድንጋይ ብቻውን ልጅን ከቤተ ክርስቲያን አያርቅም። ሌላም ብዙ ነገር ይኖራል። ግን በአሥር ዓመቱ የሰማውን አንድ ዐረፍተ ነገር እስከ ዐሥራ አራት ዓመቱ ይዞት ከቆየ፣ እኔ እንዳሰብሁት ቀላል አልነበረም ማለት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በኅብረታችን ውስጥ ጂኦሎጂ የተማረች እህት አለች። ሦስት ዓመት አብረን ስንዘምር ስለ ትምህርቷ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ይዣት ተቀመጥሁና ስለ ድንጋዩ ነገርኋት።

ሳቀች። "እንጀራ ሲጋገር አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"እንዴታ!"

"ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ በውስጡ ያለው አየር እየፈነዳ ዓይን ያወጣል። የኮሶዬም ድንጋይ በአንድ ወቅት እንደ ሊጥ የሚፈስ ነበር። ከምድር ውስጥ ቀልጦ ሲወጣ በውስጡ ጋዝ አለ። ጋዙ አረፋ እየሠራ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋዩ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን አንዳንዱ አረፋ ሳያመልጥ እንደታሰረ ይቀራል። ልጁ ያየው ጉድጓድ የታሰረ አረፋ ነው።"

"ነጩስ?"

"ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገር የለም? እንደዚያ ነው። የዝናብ ውሃ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ወደ ድንጋዩ ይገባል። ሲያልፍ ማዕድን አሟሙቶ ይይዛል። ባዶው አረፋ ጋ ሲደርስ ጥቂቱን ይተዋል። በሌላ ጊዜ ይመጣል፤ ጥቂት ይጨምራል። ኳርትዝ ሊሆን ይችላል፣ ካልሳይት ወይም ዚዮላይት ሊሆን ይችላል። የከተተው ውሃ ነው፤ በጠብታ።"

አያችሁ? ጥያቄው መልስ ነበረው። መልሱም ድንቅ ነበር። እግዚአብሔርን ከሥራው አላስወጣውም፤ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ አሳየኝ እንጂ። እኔ ግን ልጁን ከዚህ ሁሉ አስቀርቼ "ኪስህን ይቀድብሃል" አልሁት።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኋት። "ዕድሜውስ ስንት ነው?"

"እንዳትደነግጥ" አለችኝ። "30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ።"

ደነገጥሁ። እንዴት እንደሚታወቅም ነገረችኝ። በድንጋዩ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ እጅግ በዝግታ፣ ግን በታወቀ ፍጥነት፣ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ እየተነነ ይወጣል። ከጠጠረ በኋላ ግን ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ይይዘዋል። ስለዚህ የተጠራቀመውን አርጎንና የቀረውን ፖታሲየም ለክቶ ድስቱ የተከደነበትን ጊዜ ማስላት ይቻላል። በዚህ መንገድ የተለካው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ጥቁር ድንጋይ፣ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እየተደራረበ የፈሰሰ ነው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ራስ ዳሸንን የተሸከመው የስሜን ተራራ ራሱ በዚያው ዘመን አካባቢ በዚህ ሁሉ ላይ የተቆለለ ትልቅ እሳተ ገሞራ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቀኖች ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት አረዳድ እንደሌለን ታውቃላችሁ። ቀኖቹን እንደ እኛ ቀን የ24 ሰዓት የሚያደርጉ አሉ፤ ረጅም ዘመን የሚሏቸው አሉ፤ ምዕራፉ ማን ፈጠረ የሚለውን ለመንገር እንጂ ጊዜ ለመቁጠር አልተጻፈም የሚሉም አሉ። ሁሉም ጌታን የሚወዱ ናቸው። ይህን ክርክር እዚህ አልጨርሰውም። ስለ ራሴ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጆች ስለ ድንጋይ ሲጠይቁኝ "የኖኅ ውሃ ነው" እያልሁ የማልፈው አንድም ድንጋይ አገላብጬ አይቼ አልነበረም። ጥያቄው ቶሎ ስለሚያልቅልኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ለስንፍናዬ መሸፈኛ ማድረግ ለመጽሐፉ ክብር መቆም አይደለም።

እንግዲህ ሁለተኛ ጉዞ አሰብን። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ልጆቹን ይዘን፣ እህታችን እያስረዳችን፣ ኮሶዬን እንደገና ልናየው ተስማማን። ማስታወቂያው እንደተነገረ አንዲት እናት መጣች።

"ልጄን ወስዳችሁ ከዝንጀሮ መጣህ ልትሉት ነው?"

አልሳቅሁባትም፤ እናንተም አትሳቁ። አገራችን በቅሪተ አካል የታወቀች ናት። ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1974 እ.ኤ.አ. በአፋር ሐዳር ስትገኝ ስማችን በዓለም ተሰማ። ከቀዳሚዎቹ ተመራማሪዎች አንዱ ዶ/ር ብርሃኔ አስፋው የጎንደር ልጅ ናቸው። ሆኖም በብዙ ምእመናን ቤት "ቅሪተ አካል" የሚለው ቃል ሲነሣ ትዝ የሚለው የሰው አመጣጥ ክርክር ብቻ ነው። ክርክሩን ስለምንፈራ በሩን ጠቅልለን ዘጋነው። በተዘጋው በር ውስጥ ዝሆኑም፣ ቅጠሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ የእሳተ ገሞራው ድንጋይም ቀረ። የእኛ ልጅ ግን ስለ ዝንጀሮ አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ ድንጋይ ነበር።

እናትየውን "አንቺም ነይ" አልኋት። ከዚያ ሁሉንም ወላጆች ጠራን። የልጆች ጉዞ የነበረው የቤተሰብ ጉዞ ሆነ። አሁን ሳስበው ከሠራነው ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። ልጅ ብቻውን ያየውን ድንጋይ እቤት ሲያመጣው እናት ትጥልበታለች፤ አብራው ያየችውን ግን መስኮት ላይ ታስቀምጥለታለች።

ከጉዞው በፊት ወደዚያ ልጅ ቤት ሄድሁ። ኮሶዬ ድረስ ወጥቼ ነጭ ቅንጣት ያለበት ድንጋይ ፈልጌለት ነበር። ሰጠሁትና "ያን ቀን የመለስሁልህ መልሱን ስላላወቅሁ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ" አልሁት። ድንጋዩን አገላብጦ አየው።

"ያኛው ይበልጥ ያምር ነበር" አለ።

እውነቱን ነው። ምን እላለሁ? "እመጣለሁ" ማለቱን ግን ሰማሁ።

በጉዞው ቀን እህታችን ትምህርቷን የጀመረችው በመሶብ ነው። አራት እንጀራ ደራርባ "የትኛው ነው መጀመሪያ የተጋገረው?" አለች። ልጆቹ በአንድ ድምፅ "የታችኛው!" አሉ። "እንግዲያው ጂኦሎጂ ጀምራችኋል" አለቻቸው። ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1666 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር የትልቅ ሻርክ ራስ መርምሮ፣ ሰዎች በተራራ ላይ እያገኙ የሚገረሙባቸው የድንጋይ "ምላሶች" የሻርክ ጥርስ መሆናቸውን አስተዋለ። በ1669 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል የሚለውን ሕግ ጻፈ። ኋላ ካህን፣ ከዚያም የካቶሊክ ጳጳስ ሆኗል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ገደሉን ሲያዩት እንደ ድሮው አላዩትም። እንደ ደረጃ የተደራረበውን ጥቁር ግድግዳ እየቆጠሩ "ያ ቀድሞ ፈሰሰ፣ ያ ቀጥሎ" ይባባሉ ጀመር።

ከወላጆች ጋር የአንዱ ልጅ አያትም መጥተው ነበር። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ልጆቹ ቀዳዳ የበዛበትን ድንጋይና ልሙጡን ለይተው ሲያስቀምጡ ግን ጠጋ ብለው ቀዳዳማውን በእጃቸው ዳሰሱት።

"ይኼ ለወፍጮ ይሆናል" አሉ። "ያኛው ልሙጡ አይፈጭም፤ ያንሸራትታል። ይኼ ግን ጥርስ አለው። ጥርሱ ሲያልቅ ትወቅሪዋለሽ።"

እህታችን ማስታወሻ ደብተሯን አወጣችና ጻፈች። "እማማ፣ እስቲ ይድገሙልኝ" አለቻቸው። አያትየው ዕድሜ ልካቸውን ሲፈጩ የኖሩበት ወፍጮ የታሰረ አረፋ የሞላበት እሳተ ገሞራ እንደሆነ ሲሰሙ "ተመስገን! በእሳት ላይ ነዋ የፈጨሁት!" ብለው ሳቁ። አንድ ግንበኛ አባት ደግሞ ሁለት ድንጋይ በመዶሻ እየነካካ ጤነኛው እንዴት እንደሚጮኽ፣ ውስጡ የተሰነጠቀው እንዴት እንደሚያንኮሻኩሽ አሳየን። የፋሲል ግንብም የቆመው በዚሁ ጥቁር ድንጋይ እንደሆነ ሲናገር ልጁ በኩራት ቀና ብሎ አየው። በየቤታችን ያለው እውቀት እንዲህ ብዙ ነው፤ የሚጠይቀው አጥቶ ተቀምጧል።

ቀጥሎ 30 ሜትር ገመድ ከገደሉ ራቅ ባለው ሜዳ ላይ ዘረጋን። አንዱ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። በአንደኛው ጫፍ ድንጋዩ ቀልጦ የፈሰሰበት ዘመን፣ በሌላው ጫፍ ዛሬ። አንድ ልጅ ከዛሬ 3 ሜትር ከ20 ላይ ቆመ፤ የድንቅነሽ ዘመን ነው። "የፋሲል ግንብስ?" አለ አንዱ። ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች ጀምሮ ያለው ዘመን በገመዱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የጌታችን ልደት? 2 ሚሊ ሜትር።

ልጆቹ ጎንበስ ብለው የገመዱን ጫፍ ሲያዩ፣ አብረውን የመጡ አንድ ሽማግሌያችን ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ "እኔ በዓመቱ ቁጥር ገና አልተስማማሁም" አሉ። "ግን ገመዱ ሁሉ የእሱ ከሆነ፣ እኛን ፍለጋ ወደዚህች ሁለት ሚሊ ሜትር መምጣቱ አስደነቀኝ።" ያን ቀን የተሰበከው ስብከት ይህ ብቻ ነበር።

"አጥንትስ የለም?" ብለው ጠየቁ ልጆቹ። የለም። ኮሶዬ ላይ አጥንት አትፈልጉ። ድንጋዩ ከእሳት የመጣ ነው፤ የነካውን ያቃጥላል። ቅሪተ አካል የሚጠበቀው በጭቃ፣ በደለል፣ በአመድ ውስጥ ቶሎ ሲቀበር ነው። ለዚያ ከጎንደር በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጭልጋ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ከእሳቱ በኋላ ረግረግና ወንዝ ነበረ። ኢትዮጵያውያን ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የእንስሳት አጥንቶች አግኝቶ በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አሳተመ። የዝሆን ቀደምት ዘመዶች ይገኙባቸዋል። አውራሪስ የሚመስል፣ በአፍንጫው ላይ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ጎን ለጎን የበቀሉለት፣ ዛሬ በምድር ላይ የሌለ አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳም አለ። ያን ጊዜ አፍሪካ በባሕር የተከበበች ደሴት ነበረች። ቅጠሎችና ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ግንዶችም በጭልጋ ተገኝተዋል። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በሚያወርደው የዓባይ ሸለቆ ደግሞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት አለ፤ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ ባሕር ነበረና።

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "ጭልጋ? የአጎቴ አገር?" አለች አንዲቱ። ለእሷ ጭልጋ የአጎቷ አገር እንጂ የአርሲኖይቴሪየም አገር አልነበረም። አሁን ሁለቱንም ነው።

እናንተ የኅብረት ወጣቶች ስለሆናችሁ አንዲት ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ሜሪ አኒንግ ትባላለች፤ በ1799 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በላይም ሪጂስ የባሕር ዳርቻ ተወለደች። አባቷ አናጢ ነበር። ልጆቹን ይዞ ከገደሉ ሥር ቅሪተ አካል ይለቅም፣ ለእንግዶችም ይሸጥ ነበር። ቤተሰቡ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጪ ካሉት፣ በዚያ ዘመን ብዙ መብት ከተነፈጋቸው ወንጌላውያን ወገን ነው። ሜሪ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በጸሎት ቤታቸው የእሑድ ትምህርት ቤት ነበር። በ1810 እ.ኤ.አ. አባቷ ሞተ፤ ዕዳ ትቶ። በሚቀጥለው ዓመት ወንድሟ አንድ እንግዳ የራስ ቅል አገኘ፤ እሷም የቀረውን አካል ፈልጋ አገኘችው። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያ እንስሳ ኢክቲዮሳውር፣ የጥንት የባሕር ተሳቢ ነበር። ኋላ በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ የበቃች የቅሪተ አካል ፈላጊ ሆነች።

ከንብረቷ ሁሉ የምትወደው አንድ የተጠረዘ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ነበር። መጋቢያቸው በዚያ መጽሔት ሁለት ጽሑፎች ጽፎ ነበር። በአንዱ እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጠረ ብሎ አጥብቆ ይከራከራል፤ በሌላው ደግሞ ወገኖቹ አዲሱን የጂኦሎጂ ትምህርት እንዲማሩ ያደፋፍራል። ያ መጋቢ ሁሉም ነገር ተስማምቶለት አልነበረም። ነገር ግን የጸሎት ቤቱን ልጅ "ጣይው" አላላትም። ይህን ሳነብ ስለ ራሴ አፈርሁ፤ ስለ እናንተ ግን ተስፋ አደረግሁ።

እናንተም ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ብዙ ነገር አያስፈልግም። አጉሊ መነጽር፣ ምስማር፣ ትንሽ አቼቶ፣ ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። ድንጋዩ ቀዳዳ አለው? ከባድ ነው? ነጩን ቅንጣት ምስማር ይጭረዋል? ከጫረውና አቼቶ ስታንጠባጥቡበት አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው፤ ምስማሩ ካልጫረው ኳርትዝ ሊሆን ይችላል። ታናናሾቻችሁ ቅጠል በጭቃ ላይ ተጭነው ያድርቁ፤ ቅጠሉ ሲነሣ የቀረው ምስል የቅሪተ አካል መጀመሪያ ትምህርት ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ለምን እንደሚደፈርስ ጠይቋቸው። ዋልካ አፈሩ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ መፈርፈር የመጣ እንደሆነ፣ እንጀራቸውም ከእሳተ ገሞራ አፈር ላይ እንደሚበቅል ንገሯቸው።

ሦስት ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። ከገደል ጫፍ ራቁ፤ ድንጋይም ወደ ታች አትወርውሩ፤ ከሥር ሰውና ከብት አለ። አጥንት የሚመስል ድንጋይ ብታገኙ አትቆፍሩት፣ አትውሰዱት፤ የአገር ቅርስ ነው። ፎቶ አንሥታችሁ ቦታውን ጻፉና ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ከስሜን ፓርክም ጠጠር እንኳ አታንሡ።

ከሁሉ በላይ ግን "አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ" ማለትን ተለማመዱ። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገር ኢያሱ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ያስቆመው፣ ልጆች አንድ ቀን አይተው ስለ ድንጋዮቹ እንዲጠይቁ ነው። ጥያቄው አስቀድሞ የታሰበበት ነበር፤ ከአባቶችም መልስ ይጠበቅ ነበር።

ልጁስ? መጣ። ቀኑን ሙሉ ከእህታችን አልተለየም። "ፖታሲየሙ የሚለወጥበት ፍጥነት ድሮ ሌላ ቢሆንስ?" ብሎ ሞገታት። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለችው፤ በተለያየ ፍጥነት የሚሠሩ ሌሎች መለኪያዎች አንድ ዓይነት ዕድሜ ሲሰጡ እንዴት እንደሚያመሳክሩት ነገረችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን መጠርጠሩ አላወቅሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ አምልኮ መጣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አልመጣም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ስልኬ ጮኸ።

"ቲቸር፣ ጭልጋ መቼ ነው የምንሄደው?"

"አላውቅም" አልሁት። "ግን እስኪ ና፣ አብረን ቀን እንቁረጥ።"